ጎጃም መንገድ ላይ መኪና ሲበላሽ የምንሠራቸው ስህተቶች

መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። አሮጌ ሚኒባሳችንን የኋላ ወንበሮቹን አውጥተን ፍራሽ አነጠፍንበት። ቡታጋዝ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ ሦስት ልጆች ጫንን። ሐሳባችን መንገድ ላይ እያደርን ጣና ድረስ መሄድ ነበር። አባይ በረሃን ተሻግረን ወደ ደጀን ስንወጣ የሙቀት መለኪያው ቀይ ገባ። ከፊት እንፋሎት ተነሣ።

ያን ቀን ከብልሽቱ በላይ ያስፈራኝ፣ ከቆምን በኋላ በጥድፊያ ልናደርገው የነበረው ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ መንገዱን ደጋግሜ ነድቼዋለሁ። ሰው ሲሳሳት ያየሁትን፣ እኔም የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ።

የራዲያተሩን ክዳን ወዲያው መክፈት

አማቼ ጨርቅ ይዞ ክዳኑ ላይ እጁን ሊያሳርፍ ነበር። ከኋላችን የመጣ የአይሱዙ ሹፌር ገና ሳይወርድ በመስኮት ጮኸ፦ «ጋሼ፣ አይንኩት! ፊትዎን ይልጠዋል!»

እውነቱን ነው። የራዲያተር ክዳን ግፊት ይዞ ስለሚቆይ፣ ውስጥ ያለው ውሃ ከ100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ ይለቃል። ውሃው በአንዴ ፈልቶ ወደ ላይ ይፈናጠራል። ደጋ ላይ ደግሞ ይብሳል። ደብረ ማርቆስን በሚያህል ከፍታ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ «ትንሽ በርዷል» ያላችሁት ራዲያተር ገና አደገኛ ነው።

ሞተሩን አጥፉ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከራዲያተሩ የሚወጣውን የላይኛውን ጎማ ቱቦ በወፍራም ጨርቅ ጨበጥ አድርጉት። ጠጥሮ ከተወጠረ ግፊት አለ ማለት ነው፣ ተዉት። ከላላ በኋላም ክዳኑን በትንሹ ብቻ ዞር አድርጉና እስኪተነፍስ ጠብቁ።

እኛ ደግሞ ሌላ ስህተት ልንጨምር ነበር። ቀዝቃዛ ውሃ በትኩስ ሞተር ላይ ማፍሰስ ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛ ክዳን፣ ሊሰነጥቀው ይችላል። ያኔ የአንድ ቀን መዘግየት የወር ደሞዝ ይበላል። ሞተሩ በደንብ ከበረደ በኋላ ጥቂት በጥቂት ጨምሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። መለኪያው ከፍ ማለት ሲጀምር፣ እንፋሎት ሳይታይ፣ የአየር ማቀዝቀዣውን (ኤሲውን) አጥፍታችሁ የመኪናውን ማሞቂያ በሙሉ ኃይሉ ክፈቱ። በበረሃው ሙቀት ላይ እብደት ይመስላል፣ ግን ከሞተሩ ሙቀት ይቀንስለታል። እኛ ይህን አናውቅም ነበር።

ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ መውረድ

ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደጋው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዳችሁ፣ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀውን የህዳሴ ድልድይ ተሻግራችሁ፣ መልሳችሁ ያንኑ ያህል ትወጣላችሁ። ከጎጃም ስትመለሱም እንዲሁ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ሰው አለ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ፍሬን ሲግል መያዝ ያቅተዋል። ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ እስከ ወለል ይገባል። በተለይ ፍራሽ፣ ውሃና ጓዝ የጫነ መኪና ከባድ ነው።

ዳገቱን ልትወጡበት በምትችሉት ማርሽ ውረዱ። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። ውሃ አትድፉበት፣ ራሱ ይብረድ።

ኩርባ ላይ ቆሞ ጎማ መቀየር

ጎማ ሲፈነዳ ሁሉም እዚያው ጥግ ይይዛል። ከኋላ የሚመጣው የጭነት መኪና ግን ኩርባውን ሳይጨርስ አያያችሁም። ቸርኬው ቢጎዳም እንኳ ቀስ ብላችሁ ቀጥ ወዳለው ቦታ ሂዱ። ጎማ ከሰው ሕይወት ይረክሳል።

ልጆቹን አውርዱ። ከአስፋልቱ ርቀው፣ በገደሉ ሳይሆን በተራራው በኩል ይቀመጡ። እኔ ያን ቀን «ፀሐይ ይመታቸዋል» ብዬ መኪናው ውስጥ ትቻቸው ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ልቤ ይርዳል።

ጎማው ስር ድንጋይ ሳታስገቡ ክሪክ አታንሡ። ብሎኖቹን መኪናው ሳይነሣ ቀድማችሁ አላሉ። ከሉማሜ ወዲያ ብዙ ቦታ ጥቁር አፈር ነው፣ ከዝናብ በኋላ ክሪኩን ይውጠዋል። ጠፍጣፋ ጣውላ ይዛችሁ ሂዱ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ስር ደግሞ ማንም አይግባ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።

ስኮርታውን አለማየት

ተጠባባቂው ጎማ ነፋስ እንዳለው ቤታችሁ እያላችሁ እዩት። በቃ።

ዋጋ ሳይነጋገሩ ማስነካት

ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ሁሉም ዘንድ ጎሚስታና መካኒክ አለ። ብዙዎቹ ጎበዞች ናቸው። ግን ምን እንደሚሠራና ስንት እንደሚያስከፍል አስቀድሞ ይነገር። የወጣውን አሮጌ ዕቃም አሳዩኝ በሉ። እኔ አፍሬ ዝም ብዬ ያልተበላሸ ዕቃ አስቀይሬያለሁ።

«መሽቶም ቢሆን እንደርሳለን» ማለት

በእነዚህ ዓመታት የጎጃም መንገድ ሁልጊዜ ክፍትና ሰላም አይደለም። ከመነሣታችሁ በፊት እዚያው የሚኖር ዘመድ ወይም በመንገዱ የሚመላለስ ሹፌር ጠይቁ። መኪናው ከሰዓት በኋላ ከተበላሸ የዕለቱን ዕቅድ ተዉት። ከተማ ገብታችሁ ግቢ ያለው ሆቴል ፈልጉና እደሩ። እኛ ደጀን አደርን፣ ልጆቹ ፍራሻቸው ላይ ደስ ብሏቸው ተኙ።

ድንጋዩን መንገድ ላይ ትቶ መሄድ

አገራችን ውስጥ የቆመ መኪና የሚታወቀው ከኋላው በተደረደረ ድንጋይና ቅጠል ነው። ጥሩ ነው፣ ነፍስ ያድናል። የሚያናድደው መኪናው ሲጠገን ድንጋዩ እዚያው መቅረቱ ነው። ማታ የሚመጣ ሞተረኛ አያየውም። ስለዚህ ስትደረድሩ ቁጠሩ፣ ስትሄዱም ቆጥራችሁ አንሡ። እኛ ሰባት ነበር የደረደርነው። የአይሱዙው ሹፌር ሰባተኛውን አንሥቶ ለትልቁ ልጄ ሰጠው። ልጁ ወደ ገደሉ ሊወረውረው ሲል እጁን ያዘው። «አይደለም ማሙሽ፣ ከታች እረኛ አለ» አለውና ተራራው ጥግ አስቀመጡት።