ጥቃትን ለመከላከል ሲታቀድ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የጥቃት መከላከል ፕሮግራም ረቂቅ እጄ ሲገባ በጀቱን ከማየቴ በፊት አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ይሄ ፕሮግራም ለማን ነው የተዘጋጀው? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «ለወጣቱ» የሚል ነው። አንዳንዴ ደግሞ «ለማኅበረሰቡ» ይላል። ሰነዱን ያዘጋጁት ሰዎች ቅን ናቸው፤ ብዙ ደክመውበታል። ግን በዚህች አንድ ቃል የተነሳ ገንዘቡ ማንንም ሳያድን ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ከእሷ ልጀምር። ረዘም አድርጌ የምናገረውም ስለእሷ ነው።

«ለወጣቱ» ብሎ ማቀድ

ጥቃት በአንድ ከተማ ውስጥ እኩል ተከፋፍሎ አይገኝም። ጥቂት ሰዎች፣ ጥቂት ቦታዎችና ጥቂት ሰዓታት ላይ ይከማቻል። በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ቦስተን ላይ ወጣቶች በጥይት ይጨራረሱ ነበር። ተመራማሪዎች፣ ፖሊሶችና መንገድ ላይ ከልጆቹ ጋር የሚውሉ ሠራተኞች አብረው ተቀመጡ። እያንዳንዱን ግድያ እያነሱ ማን፣ ከማን ጋር፣ በምን ተጣልቶ እንደነበር ተነጋገሩ። ያገኙት ነገር ይሄ ነው፤ ከከተማዋ ወጣቶች 1 በመቶ እንኳ የማይሞሉ፣ 1,300 ገደማ የጋንግ (የመንገድ ወሮበላ ቡድን) አባላት ቢያንስ 60 በመቶ ከሚሆነው የወጣቶች ግድያ ጀርባ ነበሩ።

ይህ ከታወቀ በኋላ ሥራው ሌላ መልክ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረው «ኦፕሬሽን ሲዝፋየር» (የተኩስ አቁም ዘመቻ) እነዚያኑ ቡድኖች ጠርቶ ፊት ለፊት አነጋገራቸው። መልእክቱ አጭር ነበር። መግደል ይቁም። መውጣት የሚፈልግ እርዳታ ያገኛል። የሚገድል ቡድን ግን ሕግ አይኑን ከእሱ ላይ አያነሳም። ፕሮግራሙን የገመገሙት ሰዎች ወርኃዊው የወጣቶች ግድያ 63 በመቶ መቀነሱን ጽፈዋል።

አሁን የተለመደውን አሠራር እዩት። አዳራሽ ይያዛል። ባነር ይሰቀላል። ቲሸርት ይታደላል። አንድ ባለሥልጣን ይከፍተዋል፣ ሌላው ይዘጋዋል። ተሳታፊ ሆኖ የሚመጣው ማነው? ትምህርቱን የሚከታተል፣ የሚቆጣው ወላጅ ያለው፣ ስብሰባ መቀመጥ የለመደ፣ በሰው ላይ እጁን አንስቶ የማያውቅ ልጅ ነው። ወንድሙ ባለፈው ወር የተገደለበትና ደም ለመመለስ ቀን የሚቆጥረው ልጅ እዚያ የለም። ጥሪው አልደረሰውም። ቢደርሰውም አይመጣም። በሪፖርቱ ላይ ግን ይህን ያህል መቶ ወጣቶች ግንዛቤ እንደጨበጡ ይጻፋል። ቁጥሩም ሐሰት አይደለም። ችግሩ ያ ቁጥር ከሟቾች ቁጥር ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር አለመኖሩ ነው። ይህን ሳይ እናደዳለሁ፤ ምክንያቱም በዚያው ገንዘብ ስማቸውና ሰፈራቸው የሚታወቅ ጥቂት ሰዎች ጋ መድረስ ይቻል ነበር።

ለምን እንደዚህ እንደሚደረግ ይገባኛል። እጁ ደም የነካ ሰው ላይ የመንግሥት ገንዘብ ማዋል ያስፈራል። «ታዲያ ጨዋው ልጅ ምን አተረፈ?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። ጨዋው ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በመንገዱ ላይ የሚተኮሰው እንዲቆም ከፈለጋችሁ፣ ተኳሹን ማግኘት አለባችሁ። ደግሞም ዛሬ ተኳሽ የሆነው ነገ የሚመታው ነው። ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ይመስሉናል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ናቸው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሪችመንድ የተባለች ከተማ ይህንን ደፍራ ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ለዚህ ብቻ የሚሠራ የከተማ ቢሮ አቋቋመች። ቢሮው ሊተኩሱ ወይም ሊተኮስባቸው ይችላል የተባሉትን ጥቂት ሰዎች ለይቶ፣ አማካሪ መድቦ፣ የሕይወት እቅድ አስወጥቶ፣ እቅዱን ለጠበቀ ወርኃዊ ገንዘብ እስከ መስጠት ደረሰ። ብዙ ተወግዟል። በኋላ የተደረገ ጥናት ከፕሮግራሙ ጋር ተያይዞ በጥይት የሚደርሰው ሞትና ጉዳት መቀነሱን አሳየ። ያለ ጥይት የሚፈጸመው ጥቃት ግን ጨምሮ ነበር። ሁለቱንም አብሬ የምናገረው እናንተም ስትለኩ ሁለቱንም እንድትለኩ ነው።

ቦታም እንደ ሰው ነው። «ወረዳው አደገኛ ነው» አይባልም። አደገኛው ሁለት ማዕዘን፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ አንድ ጭር ያለ ክፍት ቦታ ሊሆን ይችላል። ፊላደልፊያ ውስጥ የተተዉ ባዶ ቦታዎችን ጠርገው ሣር ሲያለብሱ በድሃ ሰፈሮቹ በጦር መሣሪያ የሚፈጸመው ጥቃት 29 በመቶ ቀነሰ። ቦታዎቹ በዕጣ ተመርጠው ከሌሎች ጋር ተነጻጽረዋል፤ ስለዚህ ውጤቱን አምነዋለሁ።

ምክንያቱን ቢሮ ተቀምጦ መወሰን

ሁሉም ሰው ግድያ ለምን እንደሚፈጸም የሚያውቅ ይመስለዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የኮሎምቢያዋ ካሊ ከተማ ነዋሪ «ምክንያቱ የአደንዛዥ ዕፅ ንግድ ነው» ይል ነበር። ማን ይሳሳታል? የዕፅ ነጋዴዎቹ እዚያው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1992 ከንቲባ የሆኑት ሮድሪጎ ጉሬሮ ግን ሐኪምና የወረርሽኝ ጥናት ባለሙያ ስለነበሩ መጀመሪያ ቁጥሩ ይምጣ አሉ። በየሳምንቱ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና የሬሳ ምርመራ ባለሙያዎች መዝገባቸውን ይዘው አንድ ጠረጴዛ ላይ መገናኘት ጀመሩ። ግድያው ቅዳሜና እሑድ፣ በዓላትና ደመወዝ በሚከፈልበት ሰሞን ይበዛል። ብዙዎቹ ሟቾች ጠጥተው ነበር። ከተማዋም በእነዚያ ቀናት መሣሪያ ይዞ መንቀሳቀስን ከለከለች። እገዳው በተፈጸመባቸው ቀናት ግድያ 14 በመቶ ያህል ያንስ ነበር።

በብራዚል ዲያዴማ ከተማም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ብዙ ግድያ ሌሊት፣ መጠጥ ቤቶች አካባቢ እንደሚፈጸም ታየ። እ.ኤ.አ. በ2002 መጠጥ ቤቶች ከምሽቱ 11 ሰዓት በኋላ እንዳይሸጡ ተደነገገ፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ማለት ነው። ግድያ በግልጽ ቀነሰ። ይህን ስነግራቸው «እኛም መጠጥ ቤት እንዝጋ» የሚሉ አሉ። እኔ የምለው እንደዚያ አይደለም። የእናንተ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ሊሆን ይችላል። የእናንተ ቦታ የአውቶቡስ መናኸሪያ ሊሆን ይችላል። ሳታዩ ሌላ ከተማ የሠራበትን አትገልብጡ።

የፖሊስ መዝገብ ብቻ ማመን

የተደበደበ ሰው ሁሉ ፖሊስ ጣቢያ አይሄድም። ይፈራል፣ ያፍራል፣ ወይም ራሱ ሊበቀል አስቧል። ሐኪም ቤት ግን ይሄዳል፤ ደም ስለሚፈሰው። በዌልስ ካርዲፍ የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም የሆኑት ጆናታን ሼፐርድ ያስተዋሉት ይህንን ነበር። ከሚያክሟቸው ቁስለኞች አብዛኞቹን ፖሊስ ጨርሶ አያውቃቸውም። ስለዚህ የድንገተኛ ክፍል ተቀባዮች ሦስት ነገር እንዲጠይቁ ተደረገ፤ የት፣ መቼ፣ በምን ተመታህ? የታካሚው ስም ተሰርዞ መረጃው ብቻ ለፖሊስና ለከተማው ይሰጣል። ከተማው በዚያ ተመርቶ የጥበቃ ቦታና ሰዓት ያስተካክላል፣ መጠጥ ቤት ብርጭቆ ወደ ፕላስቲክ እንዲቀየር ያደርጋል። ከዚያ በኋላ በጥቃት ቆስሎ ሆስፒታል የሚተኛው ሰው ካርዲፍ ውስጥ በወር ከ100,000 ነዋሪ 7 የነበረው ወደ 5 ወረደ። በተመሳሳይ ከተሞች ከ5 ወደ 8 ወጣ።

እባካችሁ «ስም ተሰርዞ» የሚለውን አትዝለሉት። ታካሚው ስሙ ለፖሊስ እንደተላለፈ ካወቀ ሁለተኛ አይመጣም። ቁስሉን ቤቱ ያስራል። መረጃችሁም ሰውየውም ያልቃሉ።

የመስክ ሠራተኛውን መረጃ አቀባይ ማድረግ

ይሄኛው ሰው ያስገድላል። ከልጆቹ ጋር የሚውለው፣ ጠብ ሲጫር ሮጦ የሚገባው ሠራተኛ ያለው አንድ ሀብት ነው፤ አመኔታ። አንድ ቦታ ላይ ይህ በአንድ ስብሰባ ሲጠፋ አይቻለሁ። ከመንገድ ሕይወት የወጣ፣ ልጆቹ «ወንድማችን» የሚሉት ሰው ነበር። አንድ ኃላፊ በሰው ፊት «ታዲያ የትናንቱን ማን ነው የተኮሰው? አንተ ሳታውቅ ትቀራለህ?» አለው። ሰውየው አልመለሰም። አለመመለሱ አልጠቀመውም። መጠየቁ ብቻ ሲወራ ስልኩን የሚያነሳለት ልጅ ጠፋ። ባለሥልጣኑ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራውን የሚሠራ መስሎት ነው። ሕጉ ቀድሞ ያልተጻፈ ስለነበር ማንም አላስቆመውም።

ስለዚህ ጻፉት። ሠራተኛው ስለ ተፈጸመ ወንጀል ለፖሊስ አይናገርም። ፖሊስ ስለ ምርመራው ለሠራተኛው አይናገርም። ሠራተኛው የሰው ሕይወት ሊጠፋ ነው የሚል ነገር ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ለብቻው ይወሰን፤ እሱም ልጆቹም አስቀድመው ይወቁት። ሁለቱ ተቋማት በአለቆች ደረጃ ይነጋገሩ እንጂ መንገድ ላይ አይተሻሹ።

ቅጥር ላይም አንድ ነገር ልበል። ዲግሪ መስፈርት አድርጋችሁ፣ ታስሮ የሚያውቅ አይቀጠርም ብላችሁ፣ ከዚያ «ልጆቹ አልሰማ አሉን» አትበሉ። ደመወዙንም በጊዜው ክፈሉ። ሌሊት ሁለት የታጠቁ ቡድኖች መካከል የሚቆም ሰው ደመወዙ ሲዘገይ ቤተሰቡን በምን ያኖራል?

ልጆችን ማስፈራራት

እስር ቤት ወስዶ ከእስረኛ ጋር ማፋጠጥ። ይሄ ተጠንቶ ያለቀ ነገር ነው። እንደዚያ የተደረጉ ልጆች ካልተደረጉት ይልቅ ብዙ ጊዜ ወንጀል ውስጥ ተገኝተዋል። አታድርጉት።

ጥሩ የሚመስለውም ሊጎዳ ይችላል። ማሳቹሴትስ ውስጥ ከ1939 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዓመታት አማካሪ፣ አስጠኚና የትምህርት ዕረፍት ካምፕ ያገኙ ልጆች ነበሩ። ተመራማሪዋ ጆአን ማኮርድ ከ30 ዓመት በኋላ ፈልጋ ስታገኛቸው፣ እርዳታውን ካላገኙት የከፋ ሕይወት የገጠማቸው ሆነው አገኘቻቸው። በተለይ ካምፕ ደጋግመው የሄዱት። አስቸጋሪ የተባሉ ልጆችን ሰብስቦ አብሮ ማሳደር አንዱ የሌላውን እንዲማር ማድረግ ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ራሳቸው ግን አገልግሎቱን ወደውት ነበር። ስለዚህ «ተሳታፊዎቹ ረክተዋል» የሚል መጠይቅ ይዛችሁ ስትመጡ አላምናችሁም።

የሚሠራ ነገር ከፈለጋችሁ ሥራ ስጧቸው። ቺካጎ ውስጥ ጥቃት ከሚበዛባቸው ትምህርት ቤቶች የመጡ ተማሪዎች ለ8 ሳምንት የትምህርት ዕረፍት ሥራ በዕጣ ተሰጣቸው። በ16 ወር ውስጥ፣ ዕጣ ካልወጣላቸው ጋር ሲነጻጸር፣ በጥቃት ወንጀል መያዛቸው 43 በመቶ ቀነሰ።

ፈጠን ብዬ የማልፋቸው

በከፋው ወር ማግስት ጀምራችሁ ቁጥሩ ሲወርድ «ሠራ» አትበሉ። የከፋ ወር ብዙውን ጊዜ ራሱም ይበርዳል። ፕሮግራሙ ያልገባበት ተመሳሳይ ሰፈር ምን ሆነ? እሱን ይዛችሁ ኑ።

ከታጠቁ ቡድኖች አለቆች ጋር በድብቅ መደራደር የሟቾችን ቁጥር ቶሎ ያወርዳል። ኤልሳልቫዶር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 እንደዚያ ሆነ። ስምምነቱ ሲፈርስ ግን በ2015 የግድያው መጠን ከ100,000 ሰው 100 አልፎ ሄደ። አለቆቹ ደም ማፍሰስ የመደራደሪያ ዋጋ እንዳለው ተምረው ነበር።

በቤት ውስጥ የሚፈጸም ጥቃትን እንደ መንገድ ጠብ «እናስታርቅ» አትበሉ። አስታራቂው ከሄደ በኋላ ሴቲቱ ከደብዳቢዋ ጋር ብቻዋን ትቀራለች። የቤት ውስጥ ጥቃት ሌላ ሙያ፣ ሌላ መጠለያ፣ ሌላ ሕግ ይፈልጋል።

ቁጥሩ ሲወርድ በጀቱን መቁረጥ

ቦስተንን አነሳሁ። እዚያ ግድያው ቀነሰ፤ ሰዎቹ ወደየሥራቸው ተበተኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራው ተቋረጠ። የወጣቶች ግድያ ተመልሶ ወጣ። በ2007 እንደገና ማቋቋም ነበረባቸው። ቺካጎ ውስጥም ጠብ የሚያበርዱት ሠራተኞች በጀት እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2015 ተቋርጧል። ገንዘቡ ሲመለስ ግንኙነቱ አብሮ አይመለስም። ሠራተኛው ሌላ ሥራ ይዟል፤ ልጆቹም «ትታችሁን ሄዳችሁ» ይላሉ።

ስኮትላንድ ሌላ መንገድ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ2005 ግላስጎው ላይ በፖሊስ ውስጥ የተቋቋመው የጥቃት ቅነሳ ክፍል በማግስቱ ዓመት አገር አቀፍ ሆነ። ጥቃት እንደ ጤና ችግር ታይቶ ሐኪም፣ መምህርና ፖሊስ አብረው ሠሩ። በአሥር ዓመት ገደማ የአገሪቱ ግድያ ወደ ግማሽ ወረደ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብቻ ቢታዩ ይዘጋ የሚል አይጠፋም ነበር።

ለአንድ ዓመት ብቻ የሚሆን ገንዘብ ካላችሁ አዲስ ፕሮግራም አትክፈቱ። በዚያ ገንዘብ የድንገተኛ ክፍሉን መዝገብ አደራጁ፣ ሳምንታዊውን ስብሰባ ጀምሩ፣ ማንና የት እንደሆነ ለዩ። የመስክ ሠራተኛ የምትቀጥሩት ቢያንስ የሦስት ዓመት ደመወዙ በእጃችሁ ሲገባ ነው።