መኪናዎ ሲነሳ ካቃሰተ፦ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የአዲስ አበባ ጠዋት ብርድ ሲበረታ ብዙ አሮጌ መኪና ሲነሳ ያቃስታል። ባለቤቱ «ባትሪው አልቋል» ብሎ ይደመድማል። ጎረቤቱም አዎ ይላል። አዲስ ባትሪ ይገባል፤ ጥቂት ቀን ደህና ይሰነብትና ማቃሰቱ ይመለሳል። ያ ሁሉ ብር የሚወጣው አምስት ደቂቃ ወስዶ የሚለካ ሰው በመጥፋቱ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ሁለት ችግሮችን እንደ አንድ ማየት

መጀመሪያ ጆሮዎን ይስጡት። ሞተሩ ራሱ ከብዶት በቀስታ ነው የሚዞረው? ወይስ በደንብ እየዞረ እሳት አልይዝ ይላል? የመጀመሪያው የባትሪ፣ የገመድ ወይም የሞተሪኖ (ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያሽከረክረው ዕቃ) ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የነዳጅ ወይም እሳት የሚሰጡት የካንዴላና የኮይል ነገር ነው፤ ባትሪ ቢቀይሩለት ምንም አይፈይድም።

መቼ እንደሚብስበትም ልብ ይበሉ። በብርድ ብቻ ከከበደ የደከመ ባትሪ ወይም ከሚገባው በላይ ወፍራም ዘይት ይጠረጠራል። ጠዋት በአንዴ ተነስቶ፣ መንገድ ሄደው ነዳጅ ቀድተው ሲያስነሱት ከከበደ ግን ዓይንዎን ወደ ሞተሪኖው ያዙሩ።

ሳይለኩ መግዛት

ተራ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ይበቃል። መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ምንም ሳይነኩ ይለኩ። ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ከሆነ የቀረው ግማሽ ያህል ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው አሁን ከመንገድ የገባ መኪና ላይ ሲለካ ነው፤ የደከመ ባትሪም ለጊዜው ደህና መስሎ ይታያል።

ይህ ገና ግማሽ መልስ ነው። ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ቁጥሩን ይከታተሉ። ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ሸክሙን አልቻለም፣ ወይ ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየጎተተ ነው። ቁጥሩ 11 ላይ ቆሞ ሞተሩ ከተንቀራፈፈ ባትሪው ንጹሕ ነው። ኃይሉ የሚቀረው ገመዱ ላይ ወይም ሞተሪኖው ውስጥ ነው።

ማሳውን (የባትሪውን ጥቁር የመመለሻ ገመድ) መርሳት

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ባትሪው ላይ ያለውን ቀይ ገመድ ሁሉም ያያል። የጥቁሩን ሌላኛ ጫፍ ፈልጎ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ከቦዲውና ከሞተሩ ብረት ጋር በብሎን የታሰረ ነው። ሞተሪኖው የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ የሚመለሰው በዚህ መንገድ ነው፤ ለትንሽ የቤንዚን ሞተር እንኳ 100 አምፔርና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ብሎኑ ሥር ዝገት ቢኖርም ሬዲዮውና መብራቱ ይሠራሉ፤ እነሱ የሚፈልጉት ጥቂት ነው። ቁልፉ ሲዞር ነው ጉዱ የሚወጣው።

ማርሹን ነፃ ያድርጉና የእጅ ፍሬን ይያዙ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ፖል ላይ፣ ሌላውን በንጹሕ የሞተር ብረት ላይ ያሳርፉ። ፖሉ ስል የሚጨብጠውን ብረት ማለቴ አይደለም፣ ከባትሪው የወጣውን የእርሳስ ጉጥ ራሱን ነው። ከዚያ ሰው ቁልፉን ያዙር። 0.2 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ካሳየ ማሳው ደህና ነው። ከ0.5 ካለፈ ብሎኑን ይፍቱ፣ የሚገናኙትን ብረቶች በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበሩ ይፈትጉ፣ መልሰው ያጥብቁ። ላስቲኩ ሥር መዳቡ አረንጓዴ ከሆነ ገመዱን መቀየር ነው። ቴስተር ከሌለ ጥቂት ካስሞከሩ በኋላ ቁልፉን ዘግተው ገመዶቹን በጥንቃቄ ይዳስሱ። ለብቻው የሞቀ ጫፍ ካገኙ ከዚያ ይጀምሩ።

የባትሪውን ጫፍ ከላይ አይቶ ማለፍ

ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ሲታይ ሁሉም ያጸዳል። ከላይ ንጹሕ የሚመስለውም ግን በፖሉና በጨበጠው ብረት መካከል ጥቁር ሽፋን ሊኖረው ይችላል። ሲፈቱ ኔጌቲቩን ያስቀድሙ፤ ሲመልሱ መጨረሻ ላይ ያድርጉት። አልጠብቅ ሲል ሚስማር የሚሸጉጥ አለ። እባክዎን አያድርጉት።

ሞተሩ እየሠራ ባትሪ መንቀል

«ዲናሞው ባትሪውን መሙላቱን ልየው» ብሎ ባትሪ ሊነቅል የሚነሳ ሰው ካዩ እጁን ይያዙት። ባትሪው ሲነቀል የዲናሞው ቮልት በድንገት ይዘላል፤ የዲናሞውን ዳዮድና የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። ሞተሩ እየሠራ ሁለቱን ፖሎች መለካት ይበቃል። ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነው። ከ13 በታች ከሆነ መጀመሪያ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ መላላቱን፣ ቀጥሎ ዲናሞውን ያስፈትሹ።

ሞተሪኖ እየመቱ መኖር

ሲመታ የሚነሳ ሞተሪኖ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ካርቦን ያለቀበት ነው። ነገ መንገድ ላይ ያስቀርዎታል። በቆዩ ቶዮታዎች ላይ ደግሞ «ጧ» ብሎ ዝም ካለ፣ ሞተሪኖው ውስጥ ያሉት የመዳብ መገናኛዎች ተበልተው ሊሆን ይችላል። እነሱ ለብቻቸው ይቀየራሉ። ሙሉ ሞተሪኖ ግዙ ከመባልዎ በፊት «መዳቡን አይተኸዋል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ቁልፉን ይዞ መቆየትም ሞተሪኖ ያቃጥላል። ከ10 ሰከንድ በላይ አይያዙ፤ ደቂቃ ያህል አሳርፈው ይድገሙ።

ሌሊት የሚበላውን ዕቃ አለመፈለግ

ባትሪውም ዲናሞውም ደህና ሆነው ጠዋት ጠዋት ባዶ ከሆነ፣ መኪናው ጠፍቶም የሚበላ ዕቃ አለ ማለት ነው። በአሮጌ መኪና ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በኋላ የተገጠመ ቴፕ ወይም አላርም ነው። ቁልፉን ነቅለው፣ በሩን ዘግተው፣ ኔጌቲቩን ፈተው ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርገው በተፈታው ገመድና በፖሉ መሃል ያስገቡ። በዚህ ጊዜ መኪናውን ለማስነሳት አይሞክሩ፤ ቴስተሩ ይቃጠላል። ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ካሳየ ፊውዞችን አንድ በአንድ ይንቀሉ። ቁጥሩ የወረደው የትኛው ሲነቀል እንደሆነ ይያዙና በዚያ ፊውዝ የሚሠሩትን ዕቃዎች ያስፈትሹ።