ለአሮጌ ትንሽ ጀልባ የውኃ መምጠጫ ፓምፕ እንዴት እንደሚገጠም

ጣና ላይ ሰው ወይም ዓሣ የሚያመላልስ የፋይበር ግላስ ጀልባ ሲያረጅ ከሆዱ ውኃ አይጠፋም። ሞገድና ዝናብ ያስገባሉ፣ በላሉ ቪቴዎች ዙሪያም ይሰርጋል። ተቆርጦ በተዘጋጀ ጀሪካን መቅዳት የሚሠራው ጀልባው ውስጥ ሥራ የሌለው እጅ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ የፓምፑን መጠን ይወስኑ። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር በሰዓት የሚወጣው ጋሎን ነው፤ የተለካውም ውኃው ሽቅብ ሳይገፋ ነው። 500 የሚለው ቢበዛ በደቂቃ 31 ሊትር ያወጣል። ከውኃው ወለል 30 ሳንቲሜትር ዝቅ ያለ፣ 2.5 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ደግሞ በደቂቃ 40 ሊትር ያህል ያስገባል። ስለዚህ ጀልባው ትንሽ ቢሆንም 1100ውን ይምረጡ።

ፓምፑ የሚቀመጠው ጀልባው ውኃ ላይ ቆሞ ሳለ ውኃ በሚጠራቀምበት ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ። ወለሉን ግን በቪቴ አይብሱ። ቦታውን ከዘይት አጽድተው በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ፣ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ በኢፖክሲ ያጣብቁ፣ ከፕላስቲኩ ውፍረት ባጠረ ቪቴ ፓምፑን እሱ ላይ ይሰሩ። ውኃ ሲነሣ ተንሳፍፎ ፓምፑን የሚያስነሣው ተንሳፋፊ ማብሪያም ጎኑ ላይ በእኩል ከፍታ ይታሰራል።

ብዙ ጥፋት የሚደርሰው መውጫው ላይ ነው። ጀልባው ባዶውን ሲለካ ከውኃ በላይ የነበረ ቀዳዳ፣ ሰው ሲሞላና ኋላው በሞተሩ ክብደት ሲሰምጥ ከውኃ በታች ይሆናል። ያን ጊዜ ፓምፑ ሥራውን ጨርሶ ሲቆም የሐይቁ ውኃ በዚያው ቱቦ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ስለዚህ ጀልባውን ሙሉ ጭነት ጭነው የውኃውን መስመር ምልክት ያድርጉበት፤ ቀዳዳውን ከዚያ ቢያንስ 20 ሳንቲሜትር ከፍ አድርገው ይብሱ፤ ጠርዙን በጀልባ ማሸጊያ ማስቲሽ ይድፈኑ። ቱቦው ከፓምፑ ተነሥቶ የትም ሳይጎብጥ እስከ ጀልባው ከንፈር ሥር ይውጣ፣ ከዚያ ወደ መውጫው ይውረድ። መሀል ላይ ከረገበ ውኃ ይተኛበታል፤ ፓምፑም አየር ይዞ ድምፅ እያሰማ ምንም አይገፋም። ውኃ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ በመግጠም ይህን ሁሉ ማለፍ ይቻላል የሚሉ አሉ፤ አይመኑት፣ አንዲት የእምቦጭ ሥር ከገባችበት ይነክሳል። ቱቦው ውስጡ ልሙጥ ይሁን፤ ሽንሽኑ ፍሰቱን ይቀንሳል። ሁለቱም ጫፍ በማይዝግ ፋሼታ ይጠበቅ።

ለሽቦው 2.5 ሚሊሜትር ካሬ፣ ባለ ብዙ ክር ይግዙ። ነጠላው የቤት ሽቦ በሞተሩ ንዝረት ይሰበራል፣ ቀጭኑ ደግሞ ቮልቱን ይበላል። ፖዘቲቩ ከዋናው ማጥፊያ በፊት በቀጥታ ከባትሪው ይነሣ፤ ጀልባው ታስሮ ሲያድር የሚሰምጠው ዋናው ስለጠፋ ነው። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን፣ መጠኑም ፓምፑ ላይ ከተጻፈው አይለፍ፦ የፓምፑ ምላጭ በፌስታል ሲታነቅ ትልቅ ፊውዝ አይቃጠልም፣ ሽቦው ይጋያል እንጂ። መጋጠሚያዎቹን ውኃ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ ውስጡ ሙጫ ባለው በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ ይሸፍኑ። ናስትሮ ብቻውን እርጥበት አይከለክልም። ከተንሳፋፊው ሌላ የሚገጠመው ማብሪያ ሦስት ቦታ ያለው ይሁን፦ በራሱ፣ ጠፍቶ፣ በእጅ።

ለሙከራ በባልዲ ውኃ ያፍስሱበት። ተንሳፋፊው አስነሥቶት ውኃው ሲያልቅ በራሱ መቆም አለበት። ቆሞ ወዲያው ደጋግሞ ከተነሣ፣ ቱቦው ውስጥ የቀረው ውኃ ስለሚመለስ ነው፤ ተንሳፋፊውን 2 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ያድርጉት። ወለሉ ላይ ዘይት ካለ ከሙከራው በፊት በጨርቅ ያንሡት፤ አለዚያ ፓምፑ ሐይቁ ውስጥ ይደፋዋል።