ለአንድ ቤታ ዓሣ አንድ ጀሪካን ውሃ፤ የገንዳ መጠን አመራረጥ በጎንደር

ለአንድ ቤታ ዓሣ (ለውበት ቤት ውስጥ የሚያኖሩት ትንሽ ዓሣ ነው) አንድ ቢጫ ጀሪካን ውሃ፣ ማለትም 20 ሊትር ያስፈልጋል። ይህን ልክ ከያዛችሁ ሌላው ሥራ ይቀላል። በ10 ሊትርም ቤታ ይኖራል፤ ግን ባለቤቱ አንድ ሳምንት ከተዘናጋ ዓሣው ይታመማል። ከ10 ሊትር በታች የሆነ ክብ ብርጭቆም ሆነ የማር ጠርሙስ ለጥቂት ሰዓት ማቆያ እንጂ መኖሪያ አይሆንም።

ቤታ በትንሽ ዕቃ ይኖራል የሚለው ወሬ የመጣው ከአተነፋፈሱ ነው። ከስንጥቡ ሌላ በጭንቅላቱ ውስጥ አየር በቀጥታ የሚቀበልበት አካል አለው። ለዚህ ነው በየጊዜው ወደ ላይ ብቅ እያለ አየር የሚጎርሰው። ሌላ ዓሣ ታፍኖ በሚሞትበት ውሃ እሱ ይሰነብታል፤ ሻጮችም በፕላስቲክ ኩባያ የሚያስቀምጡት ይህን አይተው ነው። ሆኖም አየር ማግኘት ሌላ፣ ንጹሕ ውሃ ማግኘት ሌላ። በትውልድ አገሩ በታይላንድ የሚኖረው በሩዝ ማሳና በረግረግ ነው። ውሃው ጥልቀት ባይኖረውም ስፋቱ ብዙ ነው።

ዓሣው የሚያወጣው ቆሻሻና የተረፈው ምግብ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ ስንጥብ ያቃጥላል። በ2 ሊትርም በ20 ሊትርም ያለ ዓሣ የሚያወጣው ቆሻሻ እኩል ነው፤ በ2 ሊትሩ ግን አሥር እጥፍ ይጠነክራል። ትንሹ ዕቃ ይቅርታ የለውም የሚባለው በዚህ ነው። አንዲት ፍሬ ምግብ ድንጋይ ሥር ገብታ ብትበሰብስ በ20 ሊትር ውስጥ ምንም ላታደርስ ትችላለች፤ በ2 ሊትር ውስጥ ግን በማግስቱ ዓሣው ክንፉን አጣብቆ በዕቃው መሬት ላይ ተኝቶ ታገኙታላችሁ።

ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ብዙ ሰው ትልቅ ገንዳ ውሃ ይጨርሳል ብሎ ይፈራል። ስሌቱ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። የ2 ሊትር ብርጭቆ ዓሣውን በሕይወት ለማቆየት ሁለት ቀን ባለፈ ቁጥር ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት፤ ይህ በሳምንት 7 ሊትር ይሆናል። የ20 ሊትር ገንዳ ፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ከበሰለ በኋላ፣ ማለትም አሞኒያ የሚበሉ ባክቴሪያዎች ካፈራ በኋላ፣ በሳምንት አንዴ ሩቡን፣ ማለትም 5 ሊትር ብትቀይሩለት ይበቃዋል። ትልቁ ውሃም ድካምም ይቆጥባል። ውሃ ለሦስት ለአራት ቀን ሳይመጣ ቢቀርም አይጨነቅም።

ትልቅ ገንዳ የሚመረጥበት ሁለተኛው ምክንያት ብርዱ ነው። ቤታ የሚፈልገው ሙቀት ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሲሆን 26 ቢሆን ይመረጣል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር በላይ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር፣ በተለይ በጥምቀት ሰሞን፣ ሌሊት ቤት ውስጥ ያለ ውሃ ወደ 16 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ቤታ ከ22 በታች ሲሆን ምግብ ይተዋል፣ ይደበዝዛል፣ በሽታ መቋቋም ያቅተዋል። የ2 ሊትር ዕቃ ከ20 ሊትሩ እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ይቀዘቅዛል፤ ማሞቂያ እናስገባበት ቢባልም ቦታ የለውም፣ ከገባም ውሃውን ቶሎ አሙቆ ዓሣውን ሊቀቅለው ይችላል።

ማሞቂያ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ብቻ አትመኑ። ለአንድ ሊትር አንድ ዋት የሚለው ልማድ የሚሠራው ውሃው ከክፍሉ አምስት ዲግሪ ግድም ብቻ እንዲሞቅ ሲፈለግ ነው። እኛ ከ16 ወደ 26 ልናደርሰው ነው። ስለዚህ ለ20 ሊትር 25 ዋት አይበቃም፤ ቴርሞስታት (ውሃው የተፈለገው ሙቀት ላይ ሲደርስ ራሱ የሚያጠፋ) ያለው 50 ዋት ያዙ። ቴሌቪዥን ሲገዛ ከካርቶኑ የሚወጣውን ነጭ ፎም ከገንዳው ጀርባና ሥር አድርጉ፣ ክዳኑንም ዝጉ፤ ማሞቂያው ያን ያህል አይለፋም። ቴርሞሜትር ለብቻው ግዙ፤ የማሞቂያው ቁጥርና እውነተኛው ሙቀት ሁለትና ሦስት ዲግሪ ሊለያዩ ይችላሉ።

ገንዳውን ማስቆረጥ

የተዘጋጀ ገንዳ ባታገኙም መስታወትና አሉሚኒየም የሚሠራ ቤት ዘንድ ሄዳችሁ ማስቆረጥ ይቻላል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የውስጥ ርዝመት በወርድ፣ በውሃው ከፍታ ተባዝቶ (ሁሉም በሴንቲሜትር) ለ1000 ሲካፈል ሊትሩን ይሰጣል። ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ሰው የውጭውን ልክና ሙሉውን ቁመት ያባዛል፤ 20 ሊትር ያለው ገንዳ ውሃ ሲገባበት 14 ወይም 15 ሊትር ሆኖ ይገኛል። ከላይ ባዶ የሚተው አለ፣ ጠጠር የሚይዘውም ቦታ አለ።

ባለ 5 ሚሊሜትር መስታወት እንዲህ አስቆርጡ፦ መሬቱ 40 በ25፣ ፊትና ጀርባው እያንዳንዳቸው 40 በ28፣ ሁለቱ ጎኖች እያንዳንዳቸው 23.8 በ28 ሴንቲሜትር። ግድግዳዎቹ መሬቱ ላይ ይቆማሉ፣ ጎኖቹ በፊትና በጀርባው መካከል ይገባሉ። ጎኑ 24 መሆን ሲገባው 23.8 የሆነው በየጫፉ አንድ ሚሊሜትር ለሲሊኮን እንዲተው ነው፤ መስታወት ከመስታወት ጋር ደርቆ ከተነካካ ይሰነጠቃል። ውስጡ 39 በ24 ይሆናል። ውሃውን 23 ሴንቲሜትር ድረስ ስትሞሉት 21.5 ሊትር ነው፤ ሦስት ሴንቲሜትር ጠጠር ሲነጥፍበት ወደ 20 ይወርዳል። ከላይ የተረፈው 5 ሴንቲሜትር ዓሣው የሚተነፍሰው አየር ነው፣ አይሙላ።

ቁመቱን ከ30 ሴንቲሜትር አታሳልፉ። ረጅምና ጠባብ ገንዳ ሊትሩ ቢበዛም ለቤታ አይመችም፤ በተለይ ረጅም ክንፍ ያለው ዓይነት አየር ለመጎረስ ሩቅ መውጣት ያደክመዋል። አጭር ክንፍ ያለው ፈጣን ስለሆነ በርዝመት በኩል ሰፋ ያለ ይፈልጋል፣ በመዝለልም ይበልጣል።

ሲሊኮኑ ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት፣ ንጹሕ ሲሊኮን ይሁን። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ሻጋታ የሚከላከለው ዓሣ ይገድላል፤ ቱቦው ላይ ያለውን አንብቡ። የመስታወቱን ጠርዞች በብርጭቆ ወረቀት ለዘብ አድርጉ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ ከዚያ በጣት አትንኩ። የውስጥ ማዕዘኑንም በአንድ ቀን ጨርሱት፤ አዲስ ሲሊኮን የደረቀ ሲሊኮን ላይ አይያዝምና ነገ እጨምራለሁ ማለት አያዋጣም። በርጥብ ጣት ማዕዘኑን አንዴ ብቻ ጎትቱት። በመስታወቱ በኩል ስታዩት ስፌቱ ጥቁር ወይም ግልጽ ሆኖ ያለ ማቋረጥ መሄድ አለበት፤ ትንሽ የብር ቀለም ያለው ነጥብ ካበራ አየር ገብቷል፣ በዚያ በኩል ያፈስሳል። የኮምጣጤው ሽታ እስኪጠፋ፣ አንድ ሳምንት ግድም፣ ይቆይ። ከዚያ ሙሉት፣ ሥሩ ጋዜጣ አንጥፉና 24 ሰዓት ጠብቁ፤ ወረቀቱ ካልረጠበ ተሳክቷል።

ውሃው፣ መስታወቱና ጠጠሩ ሲደመሩ ከ30 ኪሎ ያልፋሉ። ቀጭን የቡፌ መደርደሪያ አይችለውም፤ በአራት እግሩ የቆመ ጠንካራ ጠረጴዛ ይሻላል። መስኮት ሥር አይቀመጥ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀን ይፈላል፣ አረንጓዴም ይሆናል። ቡና ከሚቆላበትና ዕጣን ከሚጤስበት ጥግም ራቅ ይበል፤ ቤታ የሚጎርሰው የክፍሉን አየር ስለሆነ ጭሱ በቀጥታ ይደርሰዋል። ፀረ ተባይ መርጨት የግድ ከሆነ ክዳኑን በላስቲክ ሸፍኑ፣ የአየር ፓምፑን አጥፉ፣ ክፍሉ እስኪናፈስ አትክፈቱ። ውሃው ፊት ላይ የዘይት ሽፋን ሲታይ ሶፍት አንጥፋችሁ ጎትቱት፤ በዚያ ሽፋን ውስጥ አፉን አውጥቶ መተንፈስ ያስቸግረዋል።

ፊልተርና መብራት

ለዚህ መጠን የሚስማማው በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር ነው። ኃይለኛ ፊልተር ውሃውን ሲያንከባልል ክንፋሙን ዓሣ ያንገላታዋል። የአየር ግፊት ጎንደር ላይ ከባሕር ዳርቻው በአምስተኛ እጅና ከዚያም በላይ ስለሚያንስ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም ያንሳል። ዓሣው ከላይ ይጎርሳል፤ ስፖንጁ ውስጥ አሞኒያውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ግን ከውሃው ኦክስጅን በቀር ሌላ የላቸውም። ስለዚህ አረፋው አይቋረጥ።

መብራት በጠፋ ቁጥር የሚመጣ አደጋ አለ። ፓምፑ ሲቆም ውሃ በቱቦው ወደ ኋላ ይመለስና ፓምፑ ውስጥ ይገባል፤ መብራት ሲመለስ ይቃጠላል ወይም ወለሉን ያጥለቀልቃል። ፓምፑን ከውሃው ፊት በላይ አድርጉት፣ ካገኛችሁም ቱቦው ላይ ውሃ የማይመልስ ቫልቭ ግጠሙ። የኤሌክትሪክ ገመዶቹ ወደ ሶኬቱ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ይንጠልጠሉ፤ ጠብታው ሶኬት ውስጥ ሳይሆን ወለል ላይ ይወድቃል።

ሌሊት መብራት ከጠፋ ገንዳውን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፣ ከላይ ለአየር ትንሽ ክፍተት ተዉ። ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ የሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ ሙቅ ውሃ (የፈላ አይደለም) ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ አንሳፉት፣ ሲቀዘቅዝ ቀይሩት። ሙቀቱ በሰዓት ከአንድ ወይም ከሁለት ዲግሪ በላይ እንዳይዘል ቴርሞሜትሩን እያያችሁ ነው። ውሃ ስትቀይሩ ደግሞ ማሞቂያውን ከሶኬት ነቅላችሁ 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ የሞቀ መስታወቱ ከውሃ ወጥቶ ቀዝቃዛ ሲነካው ይሰነጠቃል።

ውሃውን ማዘጋጀት

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፤ ክሎሪን ለባክቴሪያውም ለስንጥቡም መርዝ ነው። በሳፋ ወይም በባልዲ ክፍት ሆኖ 24 ሰዓት ከቆየ ይተንናል። ክዳኑ በተዘጋ ጀሪካን ግን ሦስት ቀን ቢቀመጥም ክሎሪኑ እዚያው ነው፤ ብዙ ዓሣ የሚያልቀው በዚህ ነው። ውሃ አጋር ወይም ሌላ ማከሚያ የተጨመረበትን የመጠጥ ውሃ አትጠቀሙ። በክረምት ደፍርሶ ሲመጣ አድሮ ይጥለል፣ ከላይ ብቻ ቅዱ። ባልዲውና ጀሪካኑ ሳሙናም ዘይትም ነክቷቸው የማያውቅ፣ ለዚሁ ብቻ የተለዩ ይሁኑ። አዲሱን ውሃ ከገንዳው ሙቀት ጋር አስተካክላችሁ በጆግ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ።

የወንዝ ጠጠር ስታመጡ ውሃው እስኪጠራ እጠቡት፣ ቀቅሉት፣ ሎሚ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፣ ውሃውን ያጠነክራል፤ ይቅር። በአካባቢው የሚገኘው ጥቁር ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ፈተና ያልፋል፤ ሹል ጠርዝ ካለው ግን ክንፍ ይቀድዳል።

ገንዳው በተሞላ ዕለት ዓሣ አይግባ። ማሞቂያውና ፊልተሩ እየሠሩ፣ በየቀኑ ትንሽ የዓሣ ምግብ እየጣላችሁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ስፖንጁ ባክቴሪያ ያፈራል። ዓሣው ቀድሞ ከተገዛ በመጀመሪያው ወር ሁለት ቀን ባለፈ ቁጥር 5 ሊትር ቀይሩ፣ ምግቡንም በቀን ሁለት ሦስት ፍሬ ብቻ አድርጉ። ስፖንጁን ስታጥቡ ከገንዳው በወጣው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት እንጂ ቧንቧ ሥር አትያዙት፤ የወር ልፋት በአንድ ደቂቃ ያልቃል።

ከአንድ በላይ ዓሣ

ሁለት ወንድ ቤታ በየትኛውም መጠን አብረው አይቀመጡም፤ ይገዳደላሉ። ወንድና ሴትም ለማራባት ካልሆነ፣ ያውም ለጥቂት ቀን በክትትል፣ አይገናኙም። ሁለት ለማኖር የፈለገ 40 ሊትር አስቆርጦ መሐሉን ዓሣዎቹ እንዳይተያዩ በማያሳይ ክፍልፋይ ይለየው። ብዙ ሴቶችን አንድ ላይ ማኖር ከ80 ሊትር በላይና ብዙ መደበቂያ ተክል ይጠይቃል፤ ለጀማሪ አንመክረውም።

ገንዳው ከ20 ሊትር ቢበልጥ ዓሣው አይጠፋበትም። 40 ሊትር ላይ ያለ ቤታ ተክልና መደበቂያ ካገኘ ይበልጥ ይንቀሳቀሳል፤ የሚጨምረው ወጪ የማሞቂያው ዋት ነው፤ 100 ዋት ያስፈልጋል። ክዳኑ ግን በማንኛውም መጠን አይቅር። ለገመዱና ለቱቦው ሁለት ሴንቲሜትር ክፍተት ከተዋችሁ ቀሪው ይዘጋ፤ ቤታ በዚያች ክፍተትም ሊዘልል ይችላልና ትርፉን በስፖንጅ ቁራጭ ድፈኑት።