ጦማርን በባለሱቅ ሒሳብ፦ ገቢውን እንዴት ማስላትና ማሳደግ ይቻላል?

ሱቅ የከፈተ ሰው በመጀመሪያው ቀን ማታ ከመሳቢያው የሚቆጥረው ገንዘብ ሊኖረው ይችላል፤ ጦማር (ብሎግ፣ ማለትም ጽሑፍ በየጊዜው የሚወጣበት ድረ ገጽ) የጀመረ ሰው ግን ለወራት ጽፎ አንዲት ሳንቲም ላያገኝ ይችላል። ብዙዎች ጦማራቸውን ገና ሳያፈራ የሚተዉት ይህን ልዩነት አስቀድመው ስለማያሰሉት ይመስለኛል፤ ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ከጽሑፉ ሳይሆን ከሒሳቡ ነው።

በመጀመሪያ ወጪዎን ይመዝግቡ። የሱቅ ወጪ የታወቀ ነው፦ ኪራይ፣ መደርደሪያ፣ ሸቀጥ፣ ግብር። ጦማር ብሎገር በተባለው የጉግል አገልግሎት ላይ ያለ ክፍያ ሊከፈት ይችላል፤ ወርድፕረስ የተባለው የጦማር መሥሪያ ሶፍትዌርም ነጻ ሲሆን፣ የሚከፈለው ጽሑፎቹ ለሚቀመጡበት ሰርቨርና በየጊዜው ለሚታደሰው የድረ ገጽ ስም ነው። ይህ ማለት ግን ጦማር ካፒታል አይፈልግም ማለት አይደለም፤ ካፒታሉ ጊዜዎ ነው። ባለሱቅ የገዛውን ሸቀጥ በደብተር እንደሚያሰፍር ሁሉ፣ እርስዎም ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ያዋሉትን ሰዓት ያስፍሩ፤ ይህን ያላደረገ ሰው ማትረፉንም መክሰሩንም ሊያውቅ አይችልም።

ቀጥሎ የሚመጣው የሚጽፉበትን ጉዳይ መምረጥ ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። ባለሱቅ ደንበኛ ደጋግሞ የሚጠይቀውን ዕቃ እንደሚያመጣ፣ ጦማሪም ሰዎች በእርግጥ የሚጠይቁትን ጥያቄ ይዞ መነሣት አለበት። ለምሳሌ ልብስ ሰፊ ከሆኑ፣ «ስለ ስፌት» የሚል ርዕስ ማንንም አያመጣም፤ «የስፌት መኪናዬ ከጨርቁ ሥር ክር የሚያወሳስበው ለምንድን ነው?» የሚለው ግን ሥራ የቆመበትን ሰው ያመጣል። ይህ ሰው ችግሩን ከታችኛው ክር ሲፈልግ ይቆያል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ጨርቁን የሚጫነው እግር ሳይነሣ የላይኛው ክር በመግባቱ፣ ክሩ በማጥበቂያው ውስጥ በትክክል አለመቀመጡ ነው። ይህን በፎቶግራፍ አስደግፎ የሚያስረዳ ጽሑፍ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለም ይነበባል፤ የተሸጠ ሸቀጥ ከመደርደሪያው ይጎድላል፣ ጽሑፍ ግን ሺህ ጊዜ ተነብቦም አይጎድልም። ሰዎች ምን ብለው ፈልገው ወደ እርስዎ እንደደረሱ ጉግል ሰርች ኮንሶል በነጻ ስለሚያሳይ፣ ቀጣዩን ርዕስ ከዚያ ይምረጡ።

ሦስተኛው ሥራ የገቢውን መንገድ መወሰን ነው። አብዛኛው ጀማሪ የሚያስበው እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረውን ጉግል አድሴንስን ነው፤ ይህም በጦማሩ ላይ የሌሎችን ማስታወቂያ አውጥቶ ለጦማሪው ድርሻ የሚከፍል አገልግሎት ነው። አድሴንስ የሚከፍለው ሒሳቡ 100 ዶላር ሲሞላ ሲሆን፣ ክፍያውም የሚላከው በሚቀጥለው ወር ከ21 እስከ 26 ባሉት ቀናት ነው፤ ጦማሪው ሁልጊዜ በዱቤ እንደሸጠ ይቁጠረው። በራስ ጦማር ላይ የወጣውን ማስታወቂያ ራስ ጠቅ ማድረግ ወይም ወዳጅ ጠቅ እንዲያደርግ መጠየቅ አካውንት ሊያዘጋ ይችላል። አሁን ያስሉ፦ አንድ ሱቅ በወር 300 ዶላር የተጣራ ትርፍ ያገኛል፣ ጦማርዎ ደግሞ በ1,000 ዕይታ 2 ዶላር ያስገኛል እንበል። ከሱቁ ለመስተካከል በወር 150,000፣ በቀን 5,000 ዕይታ ያስፈልጋል። ያው ልብስ ሰፊ ግን በጽሑፉ መጨረሻ ላይ የ30 ዶላር ትምህርት ቢያቀርብ፣ አሥር ተማሪዎች ይበቁታል። ስለዚህ በእኔ አመለካከት ጀማሪ ማስቀደም ያለበት የራሱን ሙያ መሸጥን ነው፤ የሌሎችን ዕቃ በኮሚሽን ማስተዋወቅ ሁለተኛ፣ ማስታወቂያ ደግሞ መጨረሻ ይምጣ።

ንጽጽሩን የሚያዛባ አንድ ነገር አለ፤ የዕለት ሽያጭን እንደ ትርፍ መቁጠር። ከሱቁ ሽያጭ የሸቀጡን መግዣና ኪራዩን፣ ከጦማሩም ገቢ ዓመታዊ ክፍያውን ይቀንሱ፤ ከዚያ የቀረውን ለእያንዳንዱ ሥራ በዋለው ሰዓት ያካፍሉ። አደጋቸውም አንድ አይደለም፦ ሱቅ ገበያ ቢጠፋም ኪራይ ይከፍላል፤ ጦማር ደግሞ የፍለጋ ሥርዓቱ አሠራሩን በለወጠ ጊዜ በአንድ ሳምንት አብዛኛውን ጎብኚ ሊያጣ ይችላል። ስለሆነም የጽሑፎችዎን ቅጂ በራስዎ ዘንድ ያስቀምጡ፣ ፈቃደኛ አንባቢዎችንም በኢሜይል ይያዙ። ሱቅ ያለዎት ከሆነ ሱቁን ሳይዘጉ፣ ደንበኞች ባንኮኒው ላይ የሚጠይቁዎትን ጥያቄ በዚያው ዕለት በደብተር መዝግበው በሳምንት አንዱን ይጻፉ፤ በ12ኛው ወር የሁለቱን የሰዓት ገቢ ጎን ለጎን አስቀምጠው ጊዜዎን እንደገና ያከፋፍሉ።