ጣናን ለብቻው የሚችል ሙያ የለም፦ አካባቢን በጋራ ስታጠኑ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአካባቢ ጉዳይ ባለቤቱ ብዙ ነው። ባዮሎጂው የእኔ ነው ይላል፣ ጂኦግራፊው የእኔ ነው ይላል፣ ኢኮኖሚክሱና ሕጉም አይቀሩም። ብዙ የማስተርስ ተማሪ ሁሉንም አቀናጅቼ እሠራለሁ ብሎ ይነሳና መሀል ላይ ግራ ይገባዋል። ጣናን የወረረውን የውኃ አረም፣ እምቦጭን፣ ምሳሌ አድርጌ የሚያደናቅፉትን ነገሮች ላንሳ።

ከምትችሉት መሣሪያ መነሳት

ጂአይኤስ (በኮምፒውተር የካርታ መረጃ መተንተኛ) የሚችል ካርታ ይሠራል። መጠይቅ የለመደ መጠይቅ ይበትናል። ጥያቄው ግን ከሐይቁ መምጣት አለበት። እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የተነገረው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። በብዛት የተንሰራፋው ደግሞ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ነው። ለምን እዚያ?

ይህችን ጥያቄ ይዛችሁ ብትነሱ ሙያዎቹ ራሳቸው ተጠርተው ይመጣሉ። መገጭ፣ ርብና ጉማራ ወንዞች ደለልና ከእርሻ የታጠበ ማዳበሪያ ይዘው የሚገቡት በዚያ በኩል ነው። ወደ መገጭ የጎንደር ከተማ ፍሳሽም ይወርዳል። ዳርቻው ጠፍጣፋ ነው፣ ውኃው ጥልቀት የለውም፣ አረሙን ደግሞ ንፋስ ይገፋዋል። የሐይቁ ከፍታ ራሱ እንዳሻው የሚሆን አይደለም። ከሐይቁ ወደ ዓባይ የሚወጣውን ውኃ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ በር አለ፤ 460 ሜጋ ዋት አቅም ያለው የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫም ውኃውን ከዚሁ ይቀዳል። እዚህ ላይ መሐንዲስ የሌለበት ቡድን ምን ብሎ እንደሚመልስ አላውቅም።

ምዕራፎችን በስቴፕለር ማያያዝ

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ምዕራፍ 3 የሳተላይት ምስል፣ ምዕራፍ 4 የውኃ ጥራት፣ ምዕራፍ 5 የአርሶ አደሮች ቃለ መጠይቅ። አንዱ ምዕራፍ ሌላውን ጭራሽ አያውቀውም።

ፎገራ ሜዳ ላይ በክረምት ሩዝ አለ። ሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሠራበት ደንገል አለ። እምቦጩም አለ። ከላይ ሲታይ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ምስሉን የሚተነትነው ልጅ ሩዙ መቼ እንደሚዘራና መቼ እንደሚታጨድ ካልጠየቀ፣ የሰው ማሳ እምቦጭ ብሎ ሊቆጥር ይችላል። በሌላ በኩል ጠያቂዋ «ዘንድሮስ ቀንሷል» የሚል መልስ ይዛ ትመለሳለች። አረሙ ቀንሶ ይሁን ንፋስ ወደ ጎረቤት ቀበሌ ገፍቶት፣ ምስሉን ሳታይ አታውቅም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ካርታውን በትልቁ አትማችሁ ለቃለ መጠይቅ ይዛችሁ ሂዱ። ሽማግሌው ጣታቸውን አሳርፈው «ይሄማ የእነ እገሌ ሩዝ ነው» ይሏችኋል። ያን ቀን ምዕራፍ 3 ይስተካከላል።

ወቅቱን ለበጀት መተው

የሐይቁ ውኃ ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ዝቅ የሚለው ደግሞ በግንቦትና በሰኔ። ውኃው ሲሸሽ ገበሬው እርጥበቱን ተከትሎ ጓያና ሽምብራ ይዘራል። እኛ ጋ ግን የመስክ ሥራ የሚወጣው ፋይናንስ ገንዘብ ሲለቅ ነው። የውኃ ናሙናው በጥር ይቀዳል፣ ቃለ መጠይቁ በሰኔ ይካሄዳል፣ ከዚያ ሁለቱ ስለ አንድ ሐይቅ እንደሚናገሩ ተደርጎ ይጻፋል። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ካልተቻለ ቢያንስ ወሩን በግልጽ ጻፉ።

«የግንዛቤ እጥረት» ብሎ መደምደም

የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ስለ ሰው ምዕራፍ ጻፍ ሲባል የሚመጣለት ድምዳሜ ይሄ ነው፤ «ግንዛቤ ማስጨበጥ ያስፈልጋል»። ስንት መመረቂያ ጽሑፍ በዚህች ዓረፍተ ነገር እንዳለቀ ፈጣሪ ይወቀው። የደንቢያ ገበሬ እምቦጭ ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ ያውቃል፤ የግጦሽ መሬቱን የሸፈነበት፣ መረቡን የያዘበት አረም ነው። ችግሩ አረሙ በሚበዛበት በመኸር እሱም አዝመራ ላይ መሆኑ ነው። በዘመቻ ውጣ ሲባል የማን እጅ ከማጨድ ይቀራል? የተነቀለውስ የት ይደፋል? እነዚህ የጉልበትና የመሬት ጥያቄዎች ናቸው። ኢኮኖሚክስና ሶሲዮሎጂ ክፍል ያሉ ልጆች እንዴት እንደሚጠየቁ ያውቁበታል። ሄዳችሁ አማክሯቸው።

ቁጥር መዋስ

ከሌላ ሙያ ጽሑፍ የሄክታር ቁጥር ስትወስዱ በየትኛው ወር፣ በምን መንገድ እንደተለካ እዩ። እምቦጭ በየወሩ ስፋቱ ይለያያል። ወር የሌለው የእምቦጭ ሄክታር ባትጠቅሱት ይሻላል።

በአንድ አማካሪ መወሰን

ሁለተኛ አማካሪ ከሌላ ትምህርት ክፍል ጠይቁ፤ ፕሮፖዛሉ ከመጽደቁ በፊት። በኋላ ከሆነ ሰውየው ሥራውን እንደ ራሱ አያየውም፣ እናንተም አስተያየቱን እንደ ጭቅጭቅ ትቆጥሩታላችሁ። ፈታኞቹም ከወዲሁ ይታሰቡ። ሦስቱም ባዮሎጂስት ከሆኑ ዲፌንሱ ላይ ስለ ቃለ መጠይቁ የምትጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ «ናሙናው ለምን አነሰ?»