ስም ደብቃችሁ ስትጽፉ እነዚህን እንዳትሳሳቱ

ስሙን ደብቆ የሚጽፍ ፈሪ ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ በፍጹም አልስማማም። በደሞዝ ልጅ የሚያሳድግ ሰው መስሪያ ቤቱ ያየውን ጉድ ለህዝብ ልናገር ካለ ምን አማራጭ አለው? ህገ መንግስቱ አንቀጽ 29 ላይ ሀሳብን የመግለጽ መብት አለ፣ ግን በማግስቱ ቢሮ ስትገቡ አለቃችሁ የሚያደርገውን አይከለክልላችሁም። ስለዚህ ከተደበቃችሁ አይቀር በደንብ ተደበቁ።

ዋናው ስህተት የስልክም የኮምፒውተርም አይደለም፣ የምትጽፉት ነገር ራሱ ነው የሚያጋልጣችሁ። እዚሁ ምስራቅ ጎጃም የማውቀው ልጅ ስለ ማዳበሪያ አከፋፈል ቴሌግራም ላይ ጻፈ፣ ስም የለ ፎቶ የለ፣ ግን ለየትኛው ጎጥ ስንት ኩንታል እንደተመደበ ቁጥሩን እንዳለ አስቀመጠው። ያን ዝርዝር ያዩት ሶስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፣ በሁለተኛው ቀን ተጠርቶ "አንተ ነህ አይደል?" ተባለ። ከመለጠፋችሁ በፊት ይሄን ከኔ ሌላ ስንት ሰው ያውቃል በሉ፣ ጥቂት ከሆነ ቁጥሩን አድበስብሱት ወይ ወሬው በሰው አፍ እስኪዳረስ ሳምንታት ጠብቁ።

ስልክን በተመለከተ፣ ቴሌግራም በስልክ ቁጥር ነው የሚከፈተው፣ ሲም ደግሞ በመታወቂያ ነው የሚወጣው። ሴቲንግ ገብታችሁ ቁጥሬን ማንም አይይ በሉት፣ ከስሩ በቁጥሬ ማን ያግኘኝ የሚለውንም ኮንታክቶቼ ብቻ አድርጉት፣ ቻናሉ ላይ ስማችሁን የሚያወጣውን ፊርማም አጥፉ። ይሄ ግን ከአንባቢ ነው የሚሰውራችሁ፣ ከራሱ ከቴሌግራም ድርጅት አይደለም።

ፎቶ! በ2012 እንደ ፈረንጆቹ፣ ጆን ማካፊ የሚባለው የአንቲቫይረስ ሰውዬ ከቤሊዝ ሸሽቶ ተደብቆ እያለ አንድ መጽሔት ፎቶውን የተነሳበትን ቦታ ከሚያሳየው የጂፒኤስ መረጃ ጋር ለጠፈና ጓቲማላ እንዳለ ታወቀ። ቴሌግራም ላይ ፎቶ እንደ ፋይል ከላካችሁ ይሄ መረጃ አብሮ ይሄዳል። ከኋላ የሚታየውንም እዩ፣ ጮቄ ተራራ በመስኮት ከታየ ያገር ልጅ ወዲያው ይለየዋል።

ቪፒኤን (ኢንተርኔታችሁን በሌላ ድርጅት በኩል የሚያዞር መተግበሪያ) ከፍቻለሁ ብሎ መዝናናትም ስህተት ነው፣ ኔትወርክ አቅራቢው የማያየውን የቪፒኤኑ ድርጅት ያየዋል። ቶር የሚባለው ብራውዘር በሶስት ቦታ እያዞረ ስለሚወስድ ይሻላል፣ ግን በራሳችሁ ፌስቡክ ከገባችሁ ምንም አይጠቅምም።

ብዙ ሰው የማያስበው ደሞ አጻጻፍ ነው። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ንጉሥን በንጉሡ ሠ፣ ኃይልን በብዙኃኑ ኀ ይጽፋል፣ ሌላው እኮ እንደመጣለት ነው የሚጽፈው፣ እና ከአንድ መስሪያ ቤት እንዲህ የሚጽፍ አንድ ሰው ካለ በቃ ታወቀ ማለት ነው። ሰምና ወርቅ አድርጌዋለሁ ማለትም አያድንም፣ ጎጃም ውስጥ ወርቁን የማያገኝ ማን አለ? ሰዓትም እንደዛው፣ ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ አብሮ ዝም ያለ ቻናል ጸሐፊው የት እንዳለ ተናግሯል። ጽሁፍ አስቀምጡና ሌላ ቦታ ያለ የምታምኑት ሰው በሌላ ጊዜ ይልቀቀው።

ከሱ ውጪ ለማንም አትንገሩ፣ ለጓደኛም። ይሄ ከሁሉም ይከብዳል፣ እኔ ቡና ላይ የራሴ ጽሁፍ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሰምቼ አውቃለሁ፣ እትዬ "ማን ይሆን ይሄ ልጅ፣ እግዜር ይጠብቀው" ሲሉ ልቤ እየመታ አሜን አልኩና ስኒዬን አቀበልኩ።